ከችግር ለተረፈ እንስሳ ከመኖ ሌላ የሚያሻው የሰው ባልንጀርነት

በእርሻና በከብት እርባታ የሚተዳደር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድርቅ ወይም በሽታ ወይም የሰው ጭካኔ ካዳከመው በኋላ በሕይወት የተገኘ እንስሳ ገና ድኗል ለማለት አይቻልም። ከሞት ማምለጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከማምለጥ እስከ መዳን ረጅም መንገድ አለ፤ በዚህም መንገድ መኖና መድኃኒት ከቀረበላቸው በኋላ የሚሞቱት ጥቂቶች አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከመኖና ከመድኃኒት ጋር አብሮ ሊቀርብ የሚገባውን፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋውን ሦስተኛ ነገር ለአንባቢዎች ማስረዳት ነው። ይኸውም እንስሳው የሚያውቀውና የማይፈራው ሰው በአጠገቡ መገኘቱ ነው።

ይህን ሲያነቡ አንዳንድ ሰዎች፣ «ሰው ለራሱ ባልንጀራ ባጣበት ጊዜ ለከብት ባልንጀርነት ምን ማለት ነው?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ነገሩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሀብትም ጉዳይ መሆኑ ነው። መንጋው አልቆ አንዲት ላም ወይም አንዲት አህያ ብቻ ለቀረችው ቤተሰብ፣ ያችን አንዲት ማዳንና አለማዳን ቤት ማቆምና ቤት መፍታት ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዳሚ ያየሁት

ዳሚ በሐርጌሳ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ሐርጌሳም ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ ኬላ በኩል ለሚሄድ መንገደኛ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከምሥራቁ ክፍላችን የሚነዳው በግና ፍየል፣ ግመልና ከብት ወደ በርበራ ወደብ ከሚወርድባቸው መስመሮች አንዱ ይኸው ነው። በዳሚ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ገቦዬ የሚባሉ ወገኖች ሲሆኑ፣ በብረት ሥራ፣ በቆዳ ሥራና በሌላም የእጅ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። በኛም አገር ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው እንደ ደረሰበት ሁሉ፣ እነርሱም በሙያቸው ምክንያት ሲናቁ መኖራቸው የታወቀ ነው።

ባለፈው ዓመት በግል ጉዳይ ወደ ሐርጌሳ በሄድሁ ጊዜ በዚሁ ሰፈር ሳልፍ፣ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ከደጃቸው ውጪ ከአንዲት አህያ አጠገብ ተቀምጠው ሥራቸውን ሲሠሩ አየሁ። አህያዋ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር፣ ጀርባዋ በጭነት የቆሰለ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ የጣለች ነበረች። ሽማግሌው ጎናቸውን ሰጥተዋት፣ ዞር ብለውም ሳያዩዋት ጫማቸውን ይሰፋሉ። በሙያዬ ምክንያት ቆም ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ቀድሞ በድሬ ዳዋ ሠርተው ስለ ነበር አማርኛ ያውቃሉ።

«አባቴ፣ አህያዋ የርስዎ ናት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አሁን የኔ ናት» አሉ። «የውሃ ጋሪ ስትጎትት ኖራ፣ መሥራት ሲያቅታት መንገድ ላይ ተዋት። እኔ ወሰድኋት።»

«ታዲያ ሥራዎን ስለ ምን ወደዚህ አወጡት?»

«ልጄ፣ እኔ ስነሣ መብላት ታቆማለች። ሦስት ቀን ሙሉ ሣር በፊቷ ተከምሮ እምብዛም አልቀመሰችም። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባት ነበርና እነርሱን ለመከልከል ብዬ መርፌዬንና ቆዳዬን ይዤ እዚህ ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይታ አፏን ወደ ሣሩ ሰደደች። አሁን ልጆቹ ትተዋታል፤ እሷ ግን እኔ ካልተቀመጥሁ ደኅና አትበላም።»

የቤቱ ሰዎች ውሃ የሚጠጡት በጀሪካን እየገዙ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ያችን አህያ በጋሪ ቢያሰማሯት ለራሳቸው ውሃ ከመቅዳት አልፎ የዕለት ገቢ ታስገኝላቸው ነበር። ይህን ባነሣሁባቸው ጊዜ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁስሉ ሳይደርቅ ብጭናት ጀርባዋንም፣ እኔን ማመኗንም አጠፋለሁ። ጀርባውን በመድኃኒት አድነው ይሆናል፤ ሌላውን ግን ከየት አመጣዋለሁ?» አሉ።

ያለፈ ስሕተት

የሽማግሌው አሠራር ከብዙ ዓመት በፊት የሠራሁትን ስሕተት አስታወሰኝ። ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ሳለሁ፣ በአንድ የድርቅ ዘመን የአንዲት ባልቴት ላም ወድቃ መነሣት አቃታት ተብሎ ተጠራሁ። እንደ ደረስሁም ጎረምሶች ሰበሰብሁ፤ በጩኸትና ጅራቷን በመጠምዘዝ በግድ አስነሣናት። ከቆመች በኋላ ብርታት እንድታገኝ ብዬ አንድ ቁና የሚሆን ገብስ አስቀረብሁላት። ባልቴቲቱ ወደ ላሟ ሊቀርቡ ቢሞክሩ፣ «ሥራ አያደናቅፉብን» ብዬ ፈቀቅ አደረግኋቸው።

ላሟ በዚያው ሌሊት ሆዷ ተነፍቶ አደረና በማግሥቱ ሞተች። ባልቴቲቱ አልተቆጡኝም። «እሷ እኮ ከኔ በቀር ሰው አታውቅም ነበር» ብቻ አሉ። ለሞቷ ዋናው ምክንያት ገብሱ እንደ ነበረ ዛሬ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የቀረቻትን ጥቂት ኀይል በድንጋጤና በትግል ያስጨረስኋት እኔ ነኝ። በዚያ ቤት ሌላ ላም አልነበረም።

ፍርሃት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው

እንስሳ በደነገጠ ጊዜ አንጎሉ ከኩላሊቶቹ አጠገብ ላሉት ትንንሽ ዕጢዎች ትእዛዝ ያስተላልፋል። ዕጢዎቹም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቃሉ። በዚህ ጊዜ ልቡ በኀይል ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ደሙ ከሆድ ዕቃው ይልቅ ወደ እግሮቹ ጡንቻ ያደላል፤ በሰውነቱ የተከማቸውም ኀይል በችኮላ ይወጣል። ይህ ለጤነኛ እንስሳ ከጅብ ወይም ከተኩላ የሚያመልጥበት የተፈጥሮ ጥበብ ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

በረኃብ የደከመ እንስሳ ግን የሚያወጣው ስንቅ የለውም። ስቡ አልቋል፤ ሰውነቱም የራሱን ጡንቻ መብላት ጀምሯል። እንዲህ ያለው እንስሳ ሰው በቀረበ ቁጥር የሚደነግጥ ከሆነ፣ በጧት የበላውን ድርቆሽ በቀትር በፍርሃት ይጨርሰዋል። ከዚህም በላይ የፈራ ከብት እንደ ልቡ አያመሰኳም፤ ካላመሰኳም የበላው አይፈጭለትም። ኮርቲሶል ለብዙ ቀን በደም ውስጥ በዝቶ ሲቆይ ደግሞ የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ያዳክማል፤ ቁስልም ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋል።

ወተትም እንዲሁ ነው። ወተት ከጡት እንዲወርድ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አድሬናሊን ሥራውን ያግድበታል። ላም የማታውቀው ሰው ሊያልባት ሲቀርብ ወተቷን የምትይዘው በክፋት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በአጭር ቃል ለመናገር፣ ጸጥታ መኖን ይቆጥባል፤ ፍርሃት ግን መኖን ያባክናል። የሰው ባልንጀርነት ጥቅም ከዚህ ይጀምራል።

ስለ አህያ ለብቻው ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። አህያ ሕመሟንና ጭንቀቷን እምብዛም የማታሳይ እንስሳ በመሆኗ፣ ብዙ ሰው ዝምታዋን እንደ ጤና ይቈጥረዋል። አህያ በሕመም ወይም በድንጋጤ ወይም ከጓደኛዋ በመለየቷ ምክንያት መብላት ስታቆም፣ በሰውነቷ የነበረው ስብ በብዛት ወደ ደሟ ይፈስሳል፤ ጉበቷንም ይጎዳል፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥም ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ በዳሚ ያሉት ሽማግሌ አህያዋ እንድትበላ ብለው አጠገቧ መቀመጣቸው ሕይወቷን የሚጠብቅ ሕክምና ነበር።

የተመራማሪዎች ምስክርነት

እንስሳ ሰውን ለይቶ የሚያውቅ መሆኑን እረኛ ሁሉ ያውቃል። ሳይንስም በበኩሉ ነገሩን በመለካት አረጋግጦታል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አጠገብ በሚገኘው በባብራሃም ተቋም፣ ኪት ኬንድሪክና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ በማስታወስ እንደሚያቆዩ አሳይተዋል። በ2004 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ለብቻው የተዘጋ በግ የሌላ በግ ፊት ሥዕል ሲያይ የልቡ ምት ረገብ እንደሚልና በደሙ ያለው የጭንቀት ምልክት እንደሚቀንስ ታውቋል። ይህም ብቸኝነት ለመንጋ እንስሳ በራሱ ሕመም መሆኑን ያስረዳል።

ከጉዳት የተረፉትን በሚመለከት፣ ኤሎዲ ብሪፈርና አለን ማኬሊጎት በ2013 ያወጡት ጥናት ለርእሳችን በጣም የቀረበ ነው። ጥናቱ የተደረገው በእንግሊዝ አገር በኬንት ግዛት፣ የተጎዱ ፍየሎች በሚሰበሰቡበት በተርከፕስ በሚባል ስፍራ ነው። ቀድሞ የተበደሉ 9 ፍየሎችና በደል ያልደረሰባቸው 9 ፍየሎች ተወስደው፣ ምግብ ይኑርበት አይኑርበት በማያውቁት መንገድ ላይ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚሄዱ ተፈተነ። ክፉ ነገር የሚጠብቅ እንስሳ ወደማያውቀው ነገር በዝግታ ይሄዳል፤ ደግ ነገር የሚጠብቅ ግን ይፈጥናል። በመልካም አያያዝ ከቆዩ በኋላ የተበደሉት ፍየሎች ከሌሎቹ ያነሰ ተስፋ አላሳዩም፤ እንዲያውም ሴቶቹ ካልተበደሉት ሴቶች ይልቅ በተስፋ ሲራመዱ ተገኙ። እንግዲህ በደል የደረሰበት እንስሳ ለዘለዓለም ተበላሽቷል የሚለው አሳብ ልክ አይደለም። በዚያው ስፍራ በተደረገና በ2018 በወጣ ሌላ ጥናትም፣ ፍየሎች ከተቆጣ ሰው ፊት ይልቅ ፈገግ ያለውን የሰው ፊት ሥዕል እንደሚመርጡ ታይቷል።

የመዳሰስም ጥቅም ተመርምሯል። በቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ በ2008 በወጣ ጥናት፣ ላሞች እርስ በርሳቸው በሚላላሱበት ስፍራ፣ በተለይም ከአንገታቸው ሥር፣ ሰው ሲያሻሻቸው አንገታቸውን ዘርግተው እንደሚቀበሉና ከዚያ ወዲያም ሰውን መሸሽ እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል። በአውስትራሊያም ፖል ሄምስዎርዝ የሚባሉት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት የብዙ ዓመት ምርመራ፣ ላሞች ሰውን በሚፈሩባቸው እርሻዎች የሚገኘው ወተት ሰውን ከማይፈሩባቸው ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል።

በ2009 ደግሞ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች 516 የእንግሊዝ ከብት አርቢዎችን ጠይቀው፣ ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩት አርቢዎች በዓመት በአንዲት ላም 258 ሊትር ያህል ብልጫ እንደሚያገኙ ገልጸዋል። ይህን ሲሰሙ ስም ወተት ይጨምራል ብሎ መደምደም ግን አይገባም። ላሙን በስም የሚጠራ ሰው ላሙን አንድ በአንድ የሚያውቅ፣ ስትታመም ቶሎ የሚያስተውል፣ ሲቀርባትም የማያስደነግጣት ሰው ስለ ሆነ ይመስላል።

ካገራችን ልማድ

ይህ ሁሉ ለኛ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። ገበሬያችን በሬውን ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ቦራ እያለ በመልኩ ስም አውጥቶ ይጠራዋል፤ ሲያርስም በድምፁ ያበረታታዋል። የሱማሌ ግመል ጠባቂዎች ደግሞ በውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ግመሎቻቸውን ሲያጠጡ የሚዘፍኑት የታወቀ ዜማ አላቸው። ዜማው የቀጂዎቹን ክንድ በአንድነት ከማንቀሳቀሱ ሌላ፣ እንስሳው ድምፁን ሰምቶ ጸጥ ብሎ እንዲጠጣ ያደርጋል። ግልገሏ የሞተባት ግመልም ወተቷን እንዳትከለክል፣ የግልገሉን ቆዳ በፊቷ አቅርበው፣ የምታውቀው አላቢ በለሆሳስ እያባበለ ያልባታል።

በ2016 እና በ2017 የሱማሌን ምድር በመታው ድርቅ ብዙ ቤተሰብ ከመንጋው አብዛኛውን አጥቶ ወደ ከተማ ዳር ተሰደደ። በግንቦት ወር 2018 ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ የሐርጌሳን ምዕራብ በጎርፍና በብርድ በመታ ጊዜም ከድርቁ የተረፈው ደካማ ከብት ጭምር ተጎዳ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናም አምስት ወቅት ተከታትሎ በቀረበት ዘመን ደግሞ፣ በቦረና ሰዎች የወደቁ ላሞቻቸውን በየጧቱ በእጃቸው ደግፈው ሲያነሡ ታይተዋል። ከዚህ ሁሉ መከራ የተረፈ እንስሳ ባለቤቱ እንዴት አድርጎ ይርዳው? ከዚህ ቀጥሎ በተራ እንገልጻለን።

ለተረፈ እንስሳ የሚደረግ አያያዝ

1ኛ፤ አንድ ሰው ይመደብለት። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንቶች መኖውንና ውሃውን የሚያቀርብለት አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ሰው ይሁን። ሰውየው ጠንካራ መሆን አያስፈልገውም፤ ረጋ ያለ መሆን ግን ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሻሉት የቤቱ እመቤት ወይም ትዕግሥት ያለው ልጅ ናቸው። የቀድሞ እረኛው ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል።

2ኛ፤ ሰውየው ሥራውን ይዞ ይቀመጥ። እንስሳውን ፊት ለፊት ትክ ብሎ ማየት ለእንስሳው የአዳኝ አውሬ አመለካከት ነው። ስለዚህ ጎንን ሰጥቶ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ እየፈተሉ ወይም እየሰፉ ወይም ጥራጥሬ እየለቀሙ መቀመጥ ይሻላል። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ መኖ በሚቀርብበት ሰዓት ቢሆን መልካም ነው። እንስሳው ራሱ እስኪቀርብ ድረስ ሰው አይቅረበው።

3ኛ፤ ድምፅ ከእጅ ይቅደም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃልና በለስላሳ ድምፅ መጥራት ይገባል። ከዚያ በኋላ እጅ ሲቀርብ ከራሱ ላይ ሳይሆን ከትከሻው ወይም ከአንገቱ ሥር ይጀምር። ቁስሉን የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ሰው፣ ከተቻለ፣ መኖ ከሚያቀርበው ሰው የተለየ ይሁን፤ እንስሳው ሕመሙን ከወዳጁ ጋር እንዳያያይዘው።

4ኛ፤ ከወገኑ አይለይ። ሰው የመንጋውን ቦታ ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም። በግ ከበግ፣ አህያ ከአህያ ጋር እንዲተያዩ ማድረግ ያስፈልጋል። አብረው የኖሩ ሁለት አህዮች አንዷ ብትታመም ጤነኛዪቱን ወስዶ መሸጥ በሽተኛዪቱን መግደል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተላላፊ በሽታ ከተጠረጠረ ድምፅ በሚሰማማበት ርቀት ለይቶ ማኖር ግድ ነው።

5ኛ፤ መኖው በትንሽ በትንሹ ይሁን። ለብዙ ቀን የተራበ ከብት እህል በድንገት ሲበላ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ አሲድ ይበዛና ይገድለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ደኅና ድርቆሽ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጥ፤ ውሃም በአንድ ጊዜ እስኪጠግብ ሳይሆን እያረፈ ይጠጣ። ፉርሽካና ፋጉሎ ከጥቂት ቀኖች በኋላ በእፍኝ ተጀምሮ በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር። የሚቀመጠው ሰው ያመሰኳ ወይም አያመሰኳ እንደ ሆነ ይቁጠር፤ ማመስኳት ከጀመረ መልካም ምልክት ነው።

6ኛ፤ የወደቀ ከብት በጥበብ ይነሣ። ላም በአንድ ጎኗ ለረጅም ሰዓት ስትተኛ የሰውነቷ ክብደት የሥረኛውን እግር ጡንቻና ጅማት ይጎዳዋል፤ ከዚያም በኋላ ረኃቡ ቢወገድ እንኳ መቆም ያቅታታል። ስለዚህ በወፍራም ጭድ ላይ በደረቷ ተደግፋ እንድትተኛ አድርጎ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ወደ ሌላው ጎን ማገላበጥ ነው። ለማንሣት ሲፈለግ ሰፊ ጆንያ ወይም ጨርቅ ከሆዷ ሥር አሳልፎ፣ የምታውቀው ሰው በራሷ በኩል ሆኖ እያናገራት፣ ሌሎቹ ያለ ጩኸት ይደግፏት። ጅራት መጠምዘዝና መደብደብ ፈጽሞ አይገባም።

7ኛ፤ ወደ ሥራ የሚመለሰው በደረጃ ነው። የጭነት እንስሳ ቁስሉ ደርቆ ጠጉር እስኪያበቅል ድረስ አይጫን። መጫኛውና ድብዳቡ ቀድሞ ያቆሰለው ከሆነ፣ ያንኑ መልሶ መጫን ቁስሉን መመለስ ነው። ቆዳ ሠሪው ዘንድ ሄዶ ቁስሉን የማይነካ አዲስ ማሠራት ከመድኃኒት ወጪ ይረክሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ጋሪ፣ ከዚያም ሩብ ጭነት፣ ከዚያም ግማሽ እያሉ መጨመር ነው።

መጠንቀቅ የሚያሻው

ባልንጀርነት ሐኪምን አይተካም። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የተሰበረ አጥንት ወይም የሚሸት ቁስል ያለበት እንስሳ በፍቅር ብቻ አይድንም፤ የእንስሳት ሐኪም ሳይዘገይ ሊጠራ ይገባል። በቢሾፍቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በኩል፣ በኤልዛቤት ስቬንድሰን በ1969 በእንግሊዝ አገር ከተመሠረተው የአህዮች መጠጊያ ድርጅት ጋር በመተባበር ለሥራ አህዮች ሕክምና ሲሰጥ መቆየቱ ለዚህ ሥራ መልካም ምሳሌ ነው።

ለሰውየውም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ የሚያዝረበርብና መዋጥ የተሳነው እንስሳ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል እጅን ወደ አፉ ማስገባት አደገኛ ነው። በድንገት ሞቶ ከአፉና ከአፍንጫው ደም የፈሰሰ ከብት በአባ ሰንጋ የሞተ ሊሆን ስለሚችል አይከፈት፤ ሥጋውም አይበላ። የወረደ ጽንስና የእንግዴ ልጅ ባዶ እጅ አይነካቸውም። የታመመ እንስሳ ወተት ያለ ማፍላት አይጠጣ። ልጆች ከእንስሳው አጠገብ ሲነሡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ደግሞም ባልንጀርነት ልክ አለው። እናቱ የሞተችበት ወይፈን ወይም አውራ በግ ለብቻው በሰው እጅ ሲያድግ፣ ሰውን እንደ ወገኑ ቈጥሮ ሲጎለምስ በሰው ላይ ቀንዱን ያነሣል። ስለዚህ ወንድ ጥጃና ግልገል በሰው እጅ ወተት እየጠጡም ቢሆን ከመሰሎቻቸው ጋር ማደግ አለባቸው። የሰው ባልንጀርነት ድልድይ ነው፤ ዓላማው እንስሳውን ወደ መንጋው መመለስ ነው።

በመጨረሻም፣ ሁሉን ማዳን አይቻልም። ብዙ ቀን በተገቢው አያያዝ ተይዛ መቆም ያልቻለችን፣ መብላትም የተወችን ላም በስቃይ ማቆየት ደግነት አይደለም። ሐኪሙ ተስፋ የላትም ካለ ቶሎ እንድታርፍ ማድረግ ይሻላል። ያን ጊዜም የምታውቀው ሰው በራሷ በኩል ቢቆም፣ የመጨረሻዋ ሰዓት ያለ ድንጋጤ ታልፋለች።

ለባለ ሥልጣኖች

በድርቅ ጊዜ ስለሚሰጥ የከብት ርዳታ በ2008 የወጣው የኢትዮጵያ አርብቶ አደር አካባቢዎች ብሔራዊ መመሪያ፣ ለዘር የሚሆኑትን ላሞች መርጦ መመገብን፣ ውሃንና ሕክምናን ማቅረብን፣ ከድርቁም በኋላ ቤተሰቦችን በከብት መልሶ ማቋቋምን በዝርዝር ይገልጻል። ይህ መልካም ነው። በሥራ ላይ ሲውል ግን ሁለት ነገሮች ቢታሰቡ ውጤቱ የበለጠ ይሆናል።

አንደኛው፣ የብዙ ሰዎች ከብት በአንድ የመመገቢያ ስፍራ ሲሰበሰብ፣ በቀን ሠራተኛነት የሚቀጠሩት ከብቶቹን የሚያውቁት የየቤተሰቡ እረኞችና ሴቶች ቢሆኑ ነው። በዚህም ሰዎቹ ደመወዝ ያገኛሉ፤ ከብቶቹም የሚያውቁት ድምፅ አይጠፋባቸውም። ሁለተኛው፣ መንጋው ላለቀበት ቤተሰብ ከብት ሲታደል፣ አብረው ያደጉትን ሁለት ወይም ሦስት ፍየሎች ሳይለያዩ መስጠት፣ ለተቀባዩም ስለ አያያዛቸው የአንድ ቀን ትምህርት መጨመር ነው። ይህ ከመኖው ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው ትንሽ ነው።

የአህያዋ መጨረሻ

ከአራት ወር በኋላ እንደገና በዳሚ በኩል ባለፍሁ ጊዜ ሽማግሌውን ፈለግኋቸው። ከደጃቸው አልነበሩም። ጥቂት ቆይተው ከመንገዱ ማዶ ጋሪ እየነዱ መጡ፤ በጋሪው ላይ አራት ጀሪካን ውሃ ነበር። አህያዋ የለበሰችው ጀርባዋን የማይነካ፣ በደረቷ ላይ ሰፊ ሆኖ የሚያርፍ፣ ከውስጥ በጨርቅ የተለበደ አዲስ የቆዳ መጎተቻ ነው። በገዛ እጃቸው ሰፍተውታል። ቁስሉ በነበረበት ስፍራ ነጭ ጠጉር በቅሏል።

ሰላምታ ልሰጥ ስቀርብ አህያዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እኔ በእጄ ከዘራ ይዤ ነበር። «እሱን አስቀምጠው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «ዱላ የያዘ ወንድ አሁንም ትፈራለች። ይኸ አልተዋትም።» ከዘራዬን ከግድግዳ አስጠግቼ ተመለስሁ። ሽማግሌው በጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳሉ አህያዋ ጥቂት አሰበችና አንገቷን ዝቅ አደረገች። ከዚያም እጄን ከአንገቷ ሥር እንዳሳርፍ ፈቀደችልኝ።

እንግዲህ ከብት የተረፈላችሁ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች፣ የጋሪ እንስሳ የምታሳድሩ የከተማ ሰዎች ሁሉ፣ ድርቆሹን ካቀረባችሁ በኋላ ወዲያው አትሂዱ። ሥራችሁን ይዛችሁ ጥቂት ተቀመጡ።